ደንበኛን የሚያቆየው ምንድን ነው?

የአዲስ አበባው ሃያ ሁለት ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ቁጥር ነው። የያኔው ማዞሪያ ዛሬ በኃይሌ ገብረሥላሴ መንገድ ላይ ባቡር መሐል ለመሐል የሚያልፍበት፣ ግራና ቀኙ ፎቅ የሆነ ሰፈር ነው። ከጎላጎል ሕንጻ ተነሥታችሁ ወደ ኡራኤልም ሆነ ወደ መገናኛ ብትሄዱ፣ ከባንኩና ከካፌው በላይ ባሉት ፎቆች የጂም፣ የማሳጅ፣ የስቲምና የፊዚዮቴራፒ ማስታወቂያ ታያላችሁ። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው በነዚያ ቤቶች ውስጥ ለምትሠሩት ነው፦ ለአሰልጣኞች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ስለ አመጋገብ ለምታማክሩ፣ ስኳርና ደም ግፊት ለምትከታተሉ ነርሶች።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። መስከረም ሲጠባ፣ ፋሲካ ሲያልፍ፣ የጥር ሠርግ ሲቃረብ መዝገቡ ይሞላል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ አዳራሹ ይሳሳል። ወር ሙሉ የከፈለ ሰው ሁለት ቀን መጥቶ ይቀራል። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የ7,752 አሜሪካውያን የጂም አባላትን መዝገብ መረመሩ። በየወሩ ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሚመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። የዐሥር ጊዜ መግቢያ ቢገዙ 10 ዶላር ይበቃቸው የነበረው አንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ አስወጣቸው። እነዚህ ሰዎች ሲመዘገቡ ከልባቸው ነበር፤ የሚመጡ መስሏቸው ነው የከፈሉት።

ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ይስታል ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው የቀረው ስላልተነቃቃ ይመስለውና ተጨማሪ ቅስቀሳ ያቀርባል፦ ጮክ ያለ ሙዚቃ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር፣ በቴሌግራም የሚላክ የጠዋት ምክር። ሰውዬው ግን ከቤቱ ወጥቶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሲመጣ ተነቃቅቶ ነው የመጣው። የጎደለው የመጣበትን ስሜት በሦስተኛው ሳምንት ድካም ላይ የሚያሻግርለት ነገር ነው። የሚያሻግሩት ደግሞ ሦስት ነገሮች ናቸው ባይ ነኝ፦ ምክንያቱን በራሱ አፍ መናገሩ፣ ሥራው ከሚኖረው ኑሮ ጋር መታሰሩ፣ በቀረ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው መኖሩ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኖርዌይ ሄዶ፣ በመጠጥ የተጎዱ ሰዎችን ከሚረዱ ወጣት ባለሙያዎች ጋር ይሠራ ነበር። ወጣቶቹ ደንበኛን እንዴት እንደሚያናግር እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ ሲያሳያቸውም በየመሐሉ እያስቆሙ ‘ለምን ይህን ጠየቅህ? ለምን ያንን አለፍከው?’ እያሉ አፋጠጡት። ሳያስተውለው ይሠራበት የነበረውን መንገድ በቃላት ለማስቀመጥ የተገደደው ያኔ ነው። በ1983 ጽሑፍ አድርጎ አወጣው፤ በ1991 ደግሞ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ አደረገው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። አማካሪው ‘ተለወጥ’ እያለ ሲከራከር ደንበኛው የማይለወጥበትን ምክንያት ይደረድራል፤ በደረደረም ቁጥር ራሱን ያሳምናል። ስለዚህ የለውጡን ምክንያት መናገር ያለበት ደንበኛው ነው። የባለሙያው ሥራ በጥያቄ ማውጣት፣ ሲወጣም መስማት ነው።

በተግባር እንየው። አንዲት የሃምሳ ስምንት ዓመት እናት የደም ግፊት መድኃኒት ጀምረዋል፤ ሐኪም ‘እንቅስቃሴ አድርጊ’ ብሏቸው ልጃቸው ጂም አስመዘገበቻቸው። አሰልጣኙ የልጅ ልጃቸው ሊሆን ምንም ያልቀረው ወጣት ነው እንበል።

— እትዬ፣ እንቅስቃሴ ማድረጉ ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልግዎታል? ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢሰጡት?

— እንጃ ልጄ… አምስት።

— ለምን ሁለት አላሉኝም?

— ሁለትማ እንዴት ይሆናል! ልጄ ልትወልድ ነው፣ ሕፃኑን ማዘል እፈልጋለሁ። ደግሞ ቆሜ ማስቀደስ እያቃተኝ ነው፤ ገና ወንጌል ሳይነበብ ወገቤን ይዞኝ እቀመጣለሁ።

ጥያቄውን ልብ በሉ። ‘ለምን ዐሥር አላሉም?’ ቢላቸው ኖሮ የሚዘረዝሩት እንቅፋት ነበር፦ ጉልበቴ፣ መንገዱ፣ ጊዜው፣ እርጅናው። ‘ለምን ሁለት አልሆነም?’ ሲላቸው ግን የሚፈልጉትን ተናገሩ። ወጣቱ አሁን ማድረግ ያለበት ያሉትን እንዳሉት በመዝገባቸው ላይ መጻፍ ነው። ‘ክብደት መቀነስ’ ብሎ ከጻፈ አዳምጧቸው ሳይሆን የለመደውን ቅጽ ሞልቶ ነው የተመለሰው። ‘ሕፃን ማዘል፤ ቆሞ ማስቀደስ’ ብሎ ከጻፈ ግን ሥራው ራሱ ይለወጣል፦ የጀርባና የዳሌ ጡንቻ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት፣ ትንሽ ሸክም ደረት ላይ ይዞ መራመድ። እያንዳንዱን ሲያሠራቸው ‘ይህ ለቅዳሴው ነው’ ማለት ይችላል። ከወር በኋላም የሚጠይቃቸው ሚዛኑን ሳይሆን ቅዳሴው ላይ እስከ የት እንደቆሙ ነው።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር ልበል፤ በሃያ ሁለት ቤቶች ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነውና። ብዙ ወጣት አሰልጣኞች ከቲክቶክና ከዩቲዩብ የሚቀዱት አሠለጣጠን ጩኸት አለበት። ‘ግፋ! አትድከም! ምን ሆነሃል?’ ይላሉ። ለሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ያ ጨዋታ ነው። በሥራው የተከበረ፣ ሠፈሩ ጋሼ የሚለው የስልሳ ዓመት ሰው ግን በልጆች ፊት እንዲህ ሲባል አይቆጣም፣ አይከራከርም። ፈገግ ብሎ ይጨርስና ሁለተኛ አይመጣም። አንቱታው ለአዋቂ ደንበኛ ከመሣሪያው ሁሉ ይቀድማል። አንቱታ ብቻውንም አይበቃም፤ ምርጫ ሊጨመርበት ይገባል። ‘ጋሼ፣ ዛሬ ከብስክሌቱ ይጀምራሉ ወይስ ከእግር ጉዞው?’ ማለት ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ሰውዬው የታዘዘ ሳይሆን የመረጠ ይሆናል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያስረዱ የኖሩትም ይህንኑ ነው፦ ሰው በአንድ ነገር የሚጸናው ራሱ እንደመረጠው ሲሰማው፣ እየቻለው ሲሄድና ከሰው ጋር ሲያገናኘው ነው።

ከአክብሮት ጋር የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። የእኛ ሰው ባለሙያን ላለማስቀየም ‘እሺ’ ይላል። ፊዚዮቴራፒስቱ አራት ዓይነት የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ አሳይቶ ‘ገባዎት?’ ሲል መልሱ ‘እሺ፣ ገብቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ’ ነው። በሳምንቱ ሲመጡ አንዱንም አልሠሩትም፤ ወይም ጉልበታቸውን በተቃራኒው አጥፈው ሠርተውት ብሶባቸዋል። መድኃኒቱ ‘ገባዎት?’ የሚለውን ጥያቄ መተው ነው። ‘ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ምን ታዘዝክ ብትልዎ እንዴት ያሳይዋታል? እስቲ እኔን እሷ ያድርጉኝ’ በሉ። የጎደለው ወዲያው ይታያል፤ ደንበኛውም አላፈረም፣ የተፈተነው የእናንተ አገላለጥ ነውና። አራት እንቅስቃሴ በዝቶባቸው ከሆነም ያኔ ታዩታላችሁ። ሁለቱን አስቀሩ። በየቀኑ የሚሠሩ ሁለት እንቅስቃሴዎች ወረቀት ላይ ከሚቀሩ ስምንት ይሻላሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ ሥራውን ከኑሮ ጋር ስለማሰር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እጃችን ላይ ያለውን ሀብት የማንጠቀምበት ቦታ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሣራ ሚልን፣ ሺና ኦርቤልና ፓስካል ሺራን በእንግሊዝ 248 ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው አንድ ሙከራ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ምንም የተለየ ነገር አልተደረገላቸውም። ሁለተኛዎቹ እንቅስቃሴ ልብን ከበሽታ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበቡ። ሦስተኛዎቹ ጽሑፉን ከማንበባቸው ሌላ ‘በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እሠራለሁ’ የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲሞሉ ተደረገ። ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 35 በመቶ እንቅስቃሴውን ሠሩ። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከጻፉት ግን 91 በመቶ ሠሩ። ምክሩ ለብቻው ምንም አልጨመረም፤ አንዲቷ ዓረፍተ ነገር ግን ከእጥፍ በላይ አደረገችው።

ይህን ወደ ሃያ ሁለት ስናመጣው፣ የከተማው ሰው ሰዓቱ በትራፊክ፣ በለቅሶና በስብሰባ እንደሚበጣጠስ ማስታወስ አለብን። ‘ሁልጊዜ በ12 ሰዓት’ የሚል ቀጠሮ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ይልቅ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ቡና በአብዛኛው ቤት አይቀርም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ አለው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ‘በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩ’ ከማለት፣ ‘አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ከመቀመጫዎ ዐሥር ጊዜ ይነሡ፤ በረካው እስኪደርስ ደግሞ ዐሥር’ ብትሏቸው ሰዓት ማየት አያስፈልጋቸውም። ጀበናው ያስታውሳቸዋል። ጎረቤት ቢኖርም እሰየው፤ ጎረቤቷም ትነሣለች። በባቡር ለሚመላለስ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ‘ከወትሮው አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ’፣ ሱቅ ለሚጠብቅ ነጋዴ ‘ሱቁን ከፍቼ ሒሳብ ከመያዜ በፊት’ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን ደንበኛው ራሱ ይናገር፣ ራሱም ይጻፈው።

ልማድ ለመሆን ምን ያህል ይፈጃል? በየቦታው ‘21 ቀን’ ሲባል ትሰማላችሁ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ሌላ ይላል። መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ነበር፤ ፈጣኑ 18 ቀን፣ የዘገየው እስከ 254 ቀን እንደሚወስድበት ተሰላ። ሌላም ለእናንተ የሚጠቅም ነገር አገኙ፦ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አላፈረሰውም። ይህን ለደንበኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። በሃያ አንደኛው ቀን ገና ከራሱ ጋር እየታገለ ያለ ሰው ‘እኔ አልፈጠረብኝም’ ብሎ እንዳይደመድም ያድነዋል።

ከዚያ ጾሙ አለ። የኦርቶዶክስ ደንበኛ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብን ይጨምራል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ይይዛል። አንዳንድ ባለሙያ ጾምን የፕሮግራሙ እንቅፋት አድርጎ ያየዋል፤ ‘ከፋሲካ በኋላ እንቀጥላለን’ ይላል። በሁለት ምክንያት አልስማማም። አንደኛው ተራ ነው፦ ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከበላ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ረመዳን የያዘ ከአፍጥር በኋላ ቀለል ያለ ሥራ መሥራት ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ይህ ሰው ለሁለት ወር ገደማ የሚወደውን ሥጋና ወተት ሳይነካ የሚቆይ ሰው ነው። ‘እኔ ፈቃደ ደካማ ነኝ’ ሲላችሁ አትመኑት፤ ጾሙን እንዴት እንደሚጨርሰው ጠይቁት። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮት ይጾማል፣ ማጀቱ የጾም ምግብ ብቻ ይዟል፣ የሚያበቃበትም ቀን ይታወቃል ይላችኋል። ከእምነቱ ኃይል ጎን ያሉትን እነዚህን ድጋፎች አንድ በአንድ ለእንቅስቃሴውም ማበጀት ይቻላል። ጾሙ የአምላክ ነው፤ የክብደት መቀነሻ አድርጋችሁ አትሽጡት። ደንበኛው ግን ጸንቶ መቆየት እንደሚችል በየዓመቱ ያስመሰከረ ሰው መሆኑን ራሱ ያስተውል ዘንድ እርዱት። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ ጾሙንም የሥራ ሰዓቱንም ሐኪሙ ሳያውቅ አትቀይሩ።

ምግብን ካነሣን፣ እኛ አንድ ገበታ ከበን የምንበላ ሰዎች ነን። ለደንበኛው ብቻ የተጻፈ የአመጋገብ ወረቀት ቤቱ ሲደርስ ዋጋ የለውም፤ ወጡን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው፣ ጉርሻ የሚያጎርሰውም ሌላ ነው። ስለዚህ ወጥ የሚሠራው ሰው ይምጣ። ባለቤት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ቀን ጋብዙት። ዘይቱና ጨው የሚቀንሰው፣ ምስሩና ጎመኑ ወደ ገበታው መሐል የሚጠጋው በዚያ ሰው እጅ ነው። ‘እንጀራ ተው’ የሚል ምክር ከሰጣችሁ ደግሞ ከቤተሰቡ ገበታ እያስነሣችሁት መሆኑን እወቁ፤ እንደዚያ ያለ ምክር ሳምንት አይቆይም።

ስለ መለኪያ አጭር ነገር ልበል። ሚዛን ክፉ አስተማሪ ነው። ጡንቻ ሲያድግ፣ ውሃ ሲያዝ፣ የበዓል ሰሞን ሲያልፍ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ደንበኛውም በየሳምንቱ ፈተና የወደቀ ይመስለዋል። ቀድሞ የሚታየውን ለውጥ ለኩለት። መብራት ጠፍቶ ሊፍት ሲቆም አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ስንት ጊዜ ቆሞ ያርፋል? በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ከነበረ በአምስተኛው አንድ ጊዜ ይሆናል። እርምጃም መቁጠር ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የ26 ጥናቶች ግምገማ እርምጃ መቁጠሪያ የያዙ ሰዎች በቀን ከ2,000 በላይ እርምጃ እንደጨመሩ አሳይቷል፣ በተለይ የተወሰነ ግብ ሲኖራቸው። 10,000 የሚለው ቁጥር ግን እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ መጠሪያ የመጣ እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ16,000 በላይ አረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት 4,400 እርምጃ እንኳ ከ2,700 በእጅጉ እንደሚሻልና ጥቅሙ 7,500 አካባቢ እንደሚረጋ አግኝቷል። ለጀማሪ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ክረምት ላይ ከውጭ ለሚመጡት ደንበኞች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ይድረሳቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዋሽንግተን አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረ ሰው እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሽ ሲያጥረው ‘አረጀሁ’ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ መሆኑን፣ ሰውነቱ ቀስ እያለ እንደሚለምድ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት በሁለተኛው ቀን ያጣችሁታል። ፍጥነቱን በንግግር ይለካ፦ እየተራመደ መናገር ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ መጠኑ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚመክረውም እንዲህ ያለውን መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰው ነው። ሰው የራሱን ቀጠሮ ያፈርሳል፤ የእቁቡን ቀን ግን አያፈርስም። ዕጣው የወጣለት ጓደኛ አለና። በአንድ ሕንጻ ላይ የሚሠሩ ወይም በአንድ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አምስት ስድስት ደንበኞች ካሏችሁ ለምን የእግር ጉዞ እቁብ አታቋቁሙላቸውም? በየሳምንቱ ሁሉም ትንሽ ብር ይጥላል፤ ቅዳሜ ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፤ ዕጣው የሚወጣው ለጉዞው ለመጡት ብቻ ነው፤ ዕጣው የወጣለት የሚቀጥለውን መንገድ ይመርጣል። ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፣ እናንተ ዳኛ አትሁኑ። ከቦሌ እስከ መገናኛ የተሠራው አዲሱ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ከሃያ ሁለት በኡራኤል አድርጎ መስቀል አደባባይ መድረስም ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። እዚያ ገና ሳይነጋ ደረጃውን እየተመላለሱ የሚሮጡትን ማየት ብቻውን ጉልበት ይሰጣል።

ከተማዋም ቀን አዘጋጅታልናለች። በ2011 ዓ.ም. በጤና ሚኒስቴር ግፊት የተጀመረው ‘መንገድ ለሰው’ መኪና ቆሞ ሰው በአስፋልቱ ላይ የሚንቀሳቀስበትን እሑድ አስለመደን። ከዚያ በፊት ኃይሌ ገብረሥላሴ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ተጀምሮ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው የሚሳተፍበት ሆኗል። ለእናንተ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቲሸርቱን የገዛ ደንበኛ ቀን ተቆርጦለታል። 10 ኪሎ ሜትሩን መሮጥ የለበትም፤ እየዘፈነና እየተራመደ የሚጨርሰው ሕዝብ ከሯጩ ይበዛል። ከመስከረም ጀምራችሁ ‘ኅዳር ላይ አብረን እንጨርሳለን’ ካላችሁት በመስከረም የሞላው መዝገብ እስከ ኅዳር የሚደርስበት ምክንያት ያገኛል።

በትልቁ ደረጃም አገራችን ሰውን በሰው ማጽናትን ሠርታ ታውቃለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ አሰማራ፤ 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት ሄዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ነርሶች በከተማ ተመሳሳዩን ጀመሩ። እኔን የሚያስደንቀኝ የማስተማሪያው ብልሃት ነው። እናቲቱ በጓሮዋ፣ በራሷ ዕቃ፣ በእጇ እየሠራች ተማረች። የተማረውን በተግባር ያዋለ ቤተሰብ በጎረቤት ፊት ‘ሞዴል ቤተሰብ’ ተብሎ ተመረቀ፤ ጎረቤቱም አይቶ ተከተለ። እናንተም ደንበኛ ሦስት ወር ሲሞላው በአዳራሹ ውስጥ በአደባባይ አመስግኑት፤ ከዚያም አዲስ ገቢ አንድ ሰው አስረክቡት። ሌላውን እንዲያስተምር የተሾመ ሰው መቅረት ይከብደዋል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ገደብ አለው። የደንበኛን የ‘በፊትና በኋላ’ ፎቶ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ፣ በቦርጩ መቀለድ፣ ‘ስኳርዎን አጠፋልዎታለሁ’ ብሎ ዱቄት መሸጥ ነውር ነው። ደረቱን ለሚያመው፣ የደም ግፊቱ 180/120 ለደረሰ ሰው ማበረታቻ አይገባም፤ ሥራውን አስቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ላኩት። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የጤና ዳሰሳ ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶው ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ብዙዎቹም ተለክተው አያውቁም። ስለዚህ መለኪያው በአዳራሹ መግቢያ ላይ ይኑር፣ ይሠራበትም።

የቀረውን ሰው ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የሚብሰው እሱ ስለሆነ ነው። ደንበኛ አንድ ሳምንት የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ለቅሶ፣ ጉንፋን፣ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ። ሳይመለስ የሚቀርበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እሱም ይሉኝታ ነው። ‘አሁን ምን ብዬ እሄዳለሁ? አሰልጣኙ ምን ይለኛል?’ ይላል። በመንገድ ሲያያችሁ መንገድ ይቀይራል። ሳምንቱ ወር ይሆናል።

በዚህ ከማንም በላይ የሚያስተምሩን በየጤና ጣቢያው የኤች አይ ቪ ሕክምና ክትትል ውስጥ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ታካሚዎች ቀጠሮ እያለፉ ይጠፉ ነበር። ጤና ተቋማቱ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችን ደጋፊ አድርገው ቀጠሩ። ቀጠሮ ያለፈውን ታካሚ በስልክ፣ ፈቃዱ ካለም ቤቱ ድረስ ሄደው ፈለጉት። ሲያገኙትም አልወቀሱትም፤ ‘እኔም አቋርጬ አውቃለሁ፣ ና እንሂድ’ ማለት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ሐኪም የማይችለውን ይህን አንድ ነገር ስለቻሉ ብዙ ሰው ወደ ሕክምናው ተመለሰ።

ጂምና ክሊኒክም እንዲህ መሥራት ይችላል። ደንበኛው ሲመዘገብ ‘ቢቀሩ ማን ቢደውልልዎ ደስ ይልዎታል? ከስንት ቀን በኋላ?’ ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። የሚደውለው እናንተ ብቻ አትሁኑ፣ አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ደንበኛም ይደውል። ስልኩ ላይ ‘ለምን ቀሩ?’ አይባልም። ‘ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?’ ይባላል፣ ይደመጣል፣ ከዚያ ‘ሐሙስ ቀለል ያለ ነገር ነው የምንሠራው፣ እዚያው እጠብቅዎታለሁ’ ይባላል። ክፍያው አልፎበት ከሆነ የዚያን ቀን ስለ ገንዘብ አታንሡበት። ሲመጣም ካቆመበት አታስጀምሩት፤ ከግማሹ አስጀምሩት፣ በማግስቱ እንዳይታመም።

በመዝገባችሁ ውስጥ ባለፉት ሁለት ወራት የጠፉ ሰዎች ስም አለ። በዚህ ሳምንት ሦስቱን መርጣችሁ ደውሉላቸው።